ከውጫሌ እስከ ሮማ፤ የመንገድ ርቀትና የቃል ርቀት

ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ መርሳንና የግራናን አገር ካለፈ በኋላ ብዙ ሳይርቅ ውጫሌ ይደርሳል። ከዚህ ስፍራ እስከ ሮማ ከተማ ያለው ርቀት፥ ወፍ እንደሚበርር በቀጥታ ቢለካ፥ 4,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዛሬው ዘመን ከአዲስ አበባ በጄት አይሮፕላን የተሳፈረ ሰው ስድስት ሰዓት ያህል በርሮ ሮማ ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ በአንድ ወቅት አገራችንን ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈላት ማስታወስ ይገባናል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር በውጫሌ ውል ተዋዋሉ። ከዚያም ደጃዝማች መኰንን መልእክተኛ ሆነው በሐረር በኩል ወደ ባሕር ወረዱ፤ በመርከብ ተሳፍረው ኢጣልያ የደረሱት በነሐሴ ወር ነበር። እንግዲህ በውሉና በመልእክተኛው መድረስ መካከል አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ብቻ ቀረው ማለት ነው።

ውሉ የተጻፈው በሁለት ቋንቋ ነው። አሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ አማካይነት ለመጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። በጥቅምት 1882 ዓ. ም. የኢጣልያ መንግሥት ይህንኑ ይዞ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር እንደ ገባች ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ በዚያው ወር በእንጦጦ ዘውድ ጭነው፥ ንግሣቸውን ለነገሥታቱ በደብዳቤ ገለጡ፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን መላላኩ በኢጣልያ በኩል ይሁን የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይስማሙ ለኢጣልያ ንጉሥ የጻፉት በመስከረም 1883 ዓ. ም. ነው። የሐሰቱ ወሬ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፥ እውነቱ ሳይቀድመው በዓለም ዞረ። ውሉ በ1885 ዓ. ም. ፈረሰ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዓድዋ በደም ተፈታ።

የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ አይሮፕላን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የበረረው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. ነው። ከውጫሌ ውል እስከዚያ ቀን 57 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር። አይሮፕላን ወራቱን ወደ ሰዓት አሳጠረልን። ነገር ግን አንባብያን፥ በ«ይችላል»ና በ«ይገባዋል» መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳጥር ሞተር እስከ ዛሬ አልተሠራም። የተሳሳተ ቃል በፈጣን አይሮፕላን ቢላክ፥ ጥፋቱም የዚያኑ ያህል ፈጥኖ ይደርሳል።

ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ፊት የምንቀመጥ ሁሉ፥ ከማኅተሙ በፊት ሁለቱንም ጽሑፍ ቃል በቃል እናስተያይ። በውጫሌ የጐደለው ይህ ጥንቃቄ ነበር፤ የጐደለውን የሞሉት ደግሞ በዓድዋ ተራራ የወደቁት ናቸው።