አሎን ሃታቦር፦ ስሙ የተመለሰለት ዛፍ

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ዛፍ ነው፤ ስለ አሎን ሃታቦር። በትምህርት ቤት ጉዞ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የስሙ ታሪክ ግን ብዙም አይወራም።

አሎን በኢትዮጵያ በተፈጥሮ አይበቅልም። ለዚህም ይመስለኛል በአማርኛው ኦሪት፣ ዘፍጥረት 18 ላይ፣ የመምሬ ዛፎች «የአድባር ዛፍ» የተባሉት። ታቦር የሚለው ስም ግን ለወላጆቻችን አዲስ አልነበረም። ጎንደር ውስጥ በዚሁ ተራራ ስም የተጠራች ደብረ ታቦር የምትባል ከተማ አለች እኮ!

በ1835 ጆዜፍ ደኬን የተባለ ፓሪስ የሚሠራ የዕፅዋት ተመራማሪ ዛፉን ራሱን እንደቻለ ዝርያ መዝግቦ «ኩዌርኩስ ኢታቡሬንሲስ» አለው። ኩዌርኩስ የአሎኖች ሁሉ የወገን ስም ነው። ኢታቡሬንሲስ ደግሞ ኢታቢሪዮን ከሚለው ከታቦር የግሪክ ስም የመጣ ነው፤ «የታቦሩ» ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ ተወሰደበት። ሌሎች ተመራማሪዎች «ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም» ብለው፣ ሊኒየስ በ1753 ባወጣው «ኩዌርኩስ ኤጊሎፕስ» በሚለው ስም ሥር አስገቡት። ያ ስም ግን ለተለያዩ ዛፎች ስለዋለ አሻሚ ሆነና ተተወ። በግሪክና በቱርክ የሚበቅለው ዘመዱም በ1860 «ማክሮሌፒስ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። የዚያ ዛፍ የፍሬ ቆብ ለቆዳ ማልፊያ ስለሚሆን በንግድ የታወቀው እሱ ነው። ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ሲባል ታዲያ የትኛው ስም ይጽና? የዕፅዋት ስያሜ ሕግ የሚያየው ዝናን ሳይሆን ቀደምትነትን ነው። 1835 ከ1860 ይቀድማል። ስለዚህ ዛሬ የግሪኩም ዛፍ ሳይቀር በታቦር ስም ይጠራል።

ወላጆቻችን ሲመጡ ለብዙዎቹ አዲስ የዕብራይስጥ ስም እንደተሰጣቸው ታውቃላችሁ። የመጀመሪያ ስም ክብደት እንዳለው ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዝምድናውስ? በ2017 ተመራማሪዎች የአበባ ብናኝና ዲኤንኤ አይተው አሎኖችን በሁለት ትልልቅ ክፍሎችና በስምንት ንዑስ ክፍሎች መደቡ። በእስራኤል የታወቁት አሎኖች ሦስት ናቸው። አሎን ሃታቦርና ሁልጊዜ አረንጓዴ የሆነው አሎን ማጹይ በአንዱ ትልቅ ክፍል ገቡ። ሦስተኛው አሎን ሃቶላ ግን በሌላው ነው። ማለትም እዚሁ ገሊላ ውስጥ ካሉት ከሁለቱ ይልቅ አሜሪካ ላለው ነጭ አሎን ይቀርባል። ጎረቤት ሁሉ ዘመድ አይደለም።

አሁን ወደ ሻሮን እንውረድ፣ ብዙዎቻችሁ ወደምትኖሩበት ወደ ናታንያና ሐዴራ አካባቢ። ያ ሜዳ በአንድ ወቅት የአሎን ሃታቦር ጫካ ነበር። ለከሰልና ለማገዶ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለኦቶማን ባቡሮች ማንቀሳቀሻ ተቆረጠ። ዛሬ እዚያ የቀረው ጥቂት ነው። ሰፋ ያለ ቡድን ለማየት ወደ አሎኔ አባ ወይም ወደ ሑርሻት ታል መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የዛፉ ስም በሕግ ተጠብቋል፤ ዛፉን መጠበቅ ግን የሰው ሥራ ነው። ስትሄዱ ቅጠሉን እዩት፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ለታናናሾቻችሁም ስሙን ከነትርጉሙ ንገሯቸው። በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።