የዓምደ ጽዮን የሐድያ ዘመቻ

ዓምደ ጽዮን (የነገሠው ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ.) የሰሎሞናዊውን መንግሥት ግዛት ወደ ደቡብና ምሥራቅ ያስፋፋ ንጉሠ ነገሥት ነው። ዳሞትንና ሐድያን ያስገበረው በ1316/17 እ.ኤ.አ. ገደማ ነበር። በኋላም የሐድያው ንጉሥ አማኖ አልገብርም ቢል ዳግም ዘምቶ ድል ነሣው፤ ብዙ ምርኮም ወሰደ። ሐድያ ቀላል ባላጋራ አልነበረችም፦ የዘመኑ ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ 40,000 ፈረሰኛ እንደነበራት መዝግቧል። ግዛቷም ዛሬ ሆሳዕና ከምትገኝበት አካባቢ ወደ ምሥራቅ ርቆ ይዘልቅ ነበር።

የሐድያና የሰሎሞናውያኑ ትስስር ግን በጋብቻ ጭምር ቀጠለ። የሐድያው ገራድ (ገዥ) ልጅ እሌኒ የዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት ሆነች፤ በኋላም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል በሞግዚትነት አገር መራች።