የሦስቱ እኅትማማች ደራስያን ምክክር

በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር አውራጃ ሃዎርዝ የምትባል ነፋስ የማይለያት ኮረብታማ መንደር አለች። የዚችም መንደር ቄስ ለነበሩት ለፓትሪክ ብሮንቴ በሕይወት የቀሩላቸው ልጆች አራት ነበሩ፤ ሦስቱ ሴቶች ሻርሎት፥ ኤሚሊና አን፥ ወንዱም ብራንዌል ይባላሉ። አራቱም ከሕፃንነታቸው ጀምረው ታሪክ ይደርሱ ነበር። (ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

በ1836 ዓ.ም. መጨረሻ ሻርሎት የ20 ዓመት ልጅ ሳለች ግጥምዋን የንጉሥ ባለቅኔ ለነበረው ለሮበርት ሳውዚ ልካ ምክር ለመነችው። እርሱም በ1837 በማርች ወር፥ ድርሰት የሴት ልጅ ዋና ሥራ ሊሆን አይገባውም፥ ብትጽፊም ዝናን ፈልገሽ አይሁን ሲል መለሰላት። ከምክሩ እኩሌታው መልካም ነበረ፤ እኩሌታውን ግን የዘመኑ ልማድ አበላሽቶታል። እርስዋ ግን ደብዳቤውን በክብር አኖረችው። በዚያው ዓመት ብራንዌል ደግሞ ለታላቁ ባለቅኔ ለዎርድስዎርዝ ጽፎ ነበር፤ መልስም አላገኘ። ተግሣጽ ያለበት መልስ ከዝምታ ሳይሻል አይቀርም።

እውነተኛው ምክር ግን በገዛ ቤታቸው ነበረ። ማታ በሦስት ሰዓት ሦስቱ እኅትማማች የእጅ ሥራቸውን አስቀምጠው በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ያሰቡትን ታሪክ ይነጋገሩ ነበር፤ በሳምንትም አንድ ወይም ሁለት ቀን አንዲቱ የጻፈችውን ለሌሎቹ ታነብላቸው ነበር። ሻርሎት በእኅቶችዋ ቃል ጽሕፈትዋን የለወጠችበት ጊዜ ጥቂት ነው። እንዲያውም የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት የግድ ውብ መሆን አለባት የሚለውን አሳባቸውን ተቃውማ፥ እንደ እኔ አጭርና መልከ ተራ የሆነች ሴት አሳያችኋለሁ ብላቸው ነበር።

በ1846 ከአክስታቸው በወረሱት ገንዘብ፥ ሴትነታቸውን በሚሰውር የብዕር ስም፥ ግጥማቸውን በአንድነት አሳተሙ። በአንድ ዓመት የተሸጠው 2 መጽሐፍ ብቻ ነው። ይህ ሳያሳፍራቸው ሦስቱም ልብ ወለድ ታሪክ ጽፈው ወደ አሳታሚዎች ላኩ። የኤሚሊንና የአንን አንድ አሳታሚ 50 ፓውንድ ራሳቸው እንዲከፍሉ አድርጎ ተቀበለ፤ የሻርሎት ግን ከደጅ ወደ ደጅ ተንከራተተ። በ1846 በኦገስት ወር አባትዋ በማንቸስተር ከተማ ዓይናቸውን ለመታከም በተቀደዱበት ቀን ጽሑፉ ተመልሶ እጅዋ ገባ። እርስዋም በዚያው ከተማ፥ ዓይናቸው ታስሮ በጨለማ ክፍል የተኙትን አባትዋን እያስታመመች፥ ጄን ኤር የተባለውን ታሪክ ጀመረች።

የተመለሰውንም ጽሑፍ፥ የቀደሙት አሳታሚዎች ስም ተሰርዞ በሚታይበት በዚያው መጠቅለያ (ለዘዴ የማትመች ልጅ ነበረች!) ስሚዝ ኤልደር ወደሚባለው ቤት ላከችው። የቤቱ ጽሑፍ መርማሪ ዊልያም ስሚዝ ዊልያምስ አልተቀበለውም፤ ነገር ግን የመጽሐፉን ጉድለትና መልካምነት በትሕትና ዘርዝሮ፥ በሦስት ቅጽ የሚሆን ሌላ ሥራ ቢመጣ በጥንቃቄ እንደሚታይ ጻፈላት። ይህ እምቢታ ከብዙ እሺታ ይልቅ አጽናናት። ጄን ኤርን በ1847 ኦገስት 24 ቀን ላከች፤ ኦክቶበር 19 ቀንም ታተመ።

ብራንዌልና ኤሚሊ በ1848፥ አንም በ1849 ሞቱ። ከዚያ በኋላ የቤቱ አገልጋይ ሌሊት ሌሊት ሻርሎት በዚያው ክፍል ብቻዋን ስትመላለስ ትሰማት ነበር።