ኤፍ1 ተጫን
አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ኪቦርዱ አልሠራ ሲል፣ ቁልፉን ከመደብደቤ በፊት መሰኪያውን አያለሁ። የእኛ ሙያ ጣጣ የጀመረው እዚያ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ፒሲ ባለ 5 እግር ክብ መሰኪያ ነበረው። ኋላ ኤቲ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር ሲመጣ መሰኪያው ያው ሆነ፣ ምልክት አላላኩ ግን ተለወጠ። አንዳንድ አሮጌ ኪቦርዶችን ብትገለብጡ ከሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ ታገኛላችሁ፤ አንዱ ጎን ኤክስቲ (የቀድሞው አላላክ)፣ ሌላው ኤቲ። ያለቦታዋ ከዞረች ኪቦርዱ ከማሽኑ ጋር አይግባባም።

በ1987 የመጣው ባለ 6 እግር ፒኤስ/2 የባሰ ነበር። የኪቦርዱና የማውሱ ቀዳዳ መንታ ናቸው፤ ፒሲ 99 የተባለው መመሪያ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ቀለም እስኪሰጣቸው ድረስ ስንቱ አቀያይሮ ሰካ! ማሽኑ እየሠራ መንቀልና መሰካትም የሚመከር አልነበረም። ስክሪኑ ደግሞ «ኪቦርድ የለም፣ ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫን» ይላል። በምን ልጫነው?

የ1996ቱ ዩኤስቢ ገላገለን ስንል፣ በ2015 አዲስ መዘዝ መጣ። በኢንቴል 100 ተከታታይ ቺፕሴት ማዘርቦርዶች ላይ ዊንዶውስ 7 ስንጭን፣ ባዮስ ውስጥ ደህና የነበረው ኪቦርድ መጫኛው ሲከፈት ዝም ይላል፤ ዊንዶውሱ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር አልያዘማ። ድራይቨሩን ፍላሹ ላይ ካለው መጫኛ ጋር አስቀድሞ ማዋሃድ ነበረብን።