ነስርና ያልረጋ ደም

በጎጃም ደጋ ነስር ብርቅ አይደለም። ፀሐይ የመታው እረኛ ይነስረዋል፤ አናቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስለትና ነገሩ በዚያው ይረሳል። ከትኩሳት ጋር የመጣ ነስር ግን ሌላ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያነጋገርኋቸው አረጋውያን፣ ንዳድ ይዞት የነሰረውን ሰው ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ያድርበት እንደነበር አጫውተውኛል። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም።

እንዲህ ከሚያደሙት ትኩሳቶች አንዱ ሐኪሞች «ትኩሳት ግርሻ» የሚሉት ነው። አስተላላፊው የልብስ ቅማል ነው፤ ብርድና ሌት ተቀን የማይወልቅ ልብስ ይመቸዋል። ለቀን ሥራ አዲስ አበባ የሚገባው የደጋ ሰው በጠባብ ማደሪያ ተደራርቦ ስለሚተኛ፣ በሽታው በየክረምቱ የዋና ከተማዋን ሆስፒታሎች ያጨናንቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤልድሪድ ፓሪ፣ አንቶኒ ብራይሰን፣ ፒተር ፔሪንና ዴቪድ ዋረል የተባሉ ሐኪሞች እነዚህን ሕሙማን እዚያው አዲስ አበባ አጠኑ። መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ትኩሳቱም ይብስበታል። ስለዚህ ከአጠገቡ መራቅ አይቻልም። በ1971 የታተመው ጥናታቸው በ37 በሽተኞች ላይ የደም መፍሰሱን ብቻ ለይቶ መረመረ። ደም አርጊዎቹ ፕላትሌቶች ያሽቆለቁላሉ፤ የተጎዳው ጉበት የማርጊያ ንጥረ ነገሮችን አሟልቶ አይሠራም። በጽኑ ሕሙማን ላይ የሚያስፈራው ሌላው ነገር ደሙ በየደቂቁ የደም ሥር ያለ ቦታው እየረጋ ስንቁን መጨረሱ ነው፤ መርጋት ባለበት ጊዜ አይረጋም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ደሙ ይረጋል፣ ደሙም ይፈሳል! ይህን በአንድ ቁጥር የሚለይ ምርመራ ዛሬም የለም። ፕላትሌት፣ የመርጊያ ጊዜ፣ ፋይብሪኖጅን፣ የረጋው ሲሟሟ የሚተወው ስብርባሪ አንድ ላይ ተነጻጽረው፣ ደግሞም ተደጋግመው ይታያሉ።

የሐኪሞቹ ስም ተጽፏል፤ ደሙ ግን የቀን ሠራተኞች ነበር። ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልሆነልኝም።

ዋረል ከአዲስ አበባ ወደ ናይጄሪያ ተሻገረ። እዚያ በእባብ የተነደፉ ገበሬዎችን ሲያክም የተጠቀመበት ዘዴ በ1977 ታተመ፤ 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ብልቃጥ ይቀዳል፣ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ዘንበል ይደረጋል። ከፈሰሰ አልረጋም ማለት ነው። ደሙን ለመርጋት የሚቀሰቅሰው ብርጭቆው ስለሆነ ፕላስቲክ አይተካውም። የፕላትሌትን ማነስ አይናገርም፣ ቀላል ጉድለትም ያመልጠዋል። ነገር ግን መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ከወሊድ በኋላ ደሟ አልቆም ያላትን እናት ይዛ የተፋጠጠች ነርስ የምትፈልገው አንድ ብልቃጥና አንድ ሰዓት ብቻ ነው።