የሸማኔው ቤት መኪና

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሰማዩ እንደከበደ ነው፣ ዝናቡም ቶሎ የሚያባራ አይመስልም፣ የሚያስቸኩለን የለምና ጠጋ ጠጋ በሉና የአንድ ትልቅ ቤት ነገር ልንገራችሁ። ቤቱ ያለው ሩቅ አገር ነው፣ ጃፓን። የእጁ ሥራ ግን ደጃችን ላይ ቆሟል፤ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ አቅንታችሁ ጠመንጃ ያዥ ስትገቡ፣ ጋራዥ በር ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የምታገኙት ወይ ኮሮላ ነው፣ ወይ ቪትዝ ነው፣ ወይ ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ሚኒባስ ነው። የቶዮታ ነገር ነው የማወጋችሁ።

ቤቱ ሲጀመር የሽመና ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ልጅ ከአናጢ አባት ተወለደ፣ እናቱ ስትሸምን እያየ አደገ፣ ድካሟም ከልቡ ገባ፣ ከዚያም እንጨት ሲጠርብ፣ ሲገጥም፣ ሲያፈርስ፣ ጎረቤት ሲታዘበው ከርሞ በ1890 የሸማኔን ድካም የሚያቀል መሣሪያ ሠራ፣ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ሲያሻሽለው ኖሮ በ1924 ክር ሲበጠስ በራሱ ቀጥ ብሎ የሚቆም የሽመና መሣሪያ አወጣ። ይህችን ልብ በሉልኝ። አንዲት ክር ብትበጠስ ሁሉ ነገር ይቆማል፣ የተበላሸም ጨርቅ ከዚያ ቤት አይወጣም። በ1929 የዚህን መሣሪያ መብት አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ በ100 ሺህ ፓውንድ ገዛቸው፣ የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ ደግሞ ዓይኑ መኪና ላይ ነበርና የአባቱን ሙያ ይዞ ከመቀመጥ አዲስ መማርን መረጠ፣ በ1937ም የመኪናው ኩባንያ ቆመ።

ከዚያም ዘመን አለፈ፣ ኮሮላ በ1966 ተወለደች፣ መርከብ ላይ ወጣች፣ የህንድን ውቅያኖስ አቋርጣ በባብ ኤል መንደብ ገብታ ጅቡቲ ወረደች፣ ከዚያም በጋላፊ አድርጋ የአፋርን ሐሩር ቻለች፣ ሚሌን፣ አዋሽን፣ መተሐራን አለፈች፣ ከሞጆ ወዲህ ያለውን ዳገት እያቃሰተች ወጣች፣ እኛም ተቀበልናት። መንገዱ ቀላል አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው፣ የቤንዚን ሞተርም እንደ ሰው የሚተነፍስ ነውና እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። በካርቡራተሩ ዘመን ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር፣ ያን ጊዜ ነው እንግዲህ የሰፈራችን መካኒክ የሚፈለገው።

እስቲ ወደ አንዱ ጋራዥ ልግባና ላሳያችሁ። ሰውየው ቱታው ከዘይት ብዛት ቀለሙ ጠፍቷል። አንዲት ሴት መኪናዋን አምጥታ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነብኝ?» ትለዋለች፣ እሱም አይመልስላትም፣ ሞተሩን አስነስታ እንድትተወው በእጁ ያመለክታታል፣ ከዚያም ረጅሙን ካቻቪቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ቀና ይልና «ሦስተኛዋ ካንዴላ ናት እህቴ፣ ስጋት አይግባሽ» ይላል። ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ አላገኘውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ቁልፍ እያቀበለ፣ ከመኪና ሥር እየተኛ፣ ቴስታታ እያወረደና እየመለሰ ያገኘው ነው።

ወደ ትልቁ ቤት እንመለስ። ቶዮታ በ1997 ፕሪየስን ሲያወጣ፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክን በአንድ ገመድ ያጣመረች መኪና፣ ዓለም ሁሉ ቀድሞናል አለ። ታዲያ ቀድሞ የሄደው ለምን ኋላ ቀረ? እኔ እንደሚገባኝ የጎዳው ብልሃቱ ራሱ ነው። ለአንዲት ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና በሚበቃው የባትሪ ማዕድን 90 ሃይብሪድ መሥራት ይቻላል ብለው አሰሉ፣ ስሌቱ ውሸት አልነበረም፣ ግን በዚያው ረኩበት። ይህ ሲሆን ሼንዘን ላይ በ1995 ለስልክና ለመሣሪያ ባትሪ ሊሠራ የተነሣ ቢዋይዲ የሚባል ቤት በ2003 መኪና ፋብሪካ ገዛ፣ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ባትሪውን ሲያበስል ኖረ፣ በ2022ም በቤንዚን ብቻ የሚሄድ መኪና መሥራቱን ጨርሶ ተወ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ቶዮታ የመጀመሪያዋን ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪናውን፣ ቢዚ4ኤክስን፣ ጃፓን ውስጥ ገበያ አወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ የጎማዋ ማሰሪያ ብሎኖች እየላሉ ጎማ ሊወልቅ ይችላል ተባለና ወደ 2,700 መኪናዎች ተጠሩ፣ መፍትሔውም እስከ ጥቅምት ቆየ። ወገኖቼ፣ በብሎን! ክር ሲበጠስ የሚቆም መሣሪያ የሠራ ቤት! በሰው ውድቀት ደስ አይበለንና፣ እኔ ይህን ስሰማ አዘንኩ። በጥር 2023 የኪይቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ ከፕሬዚዳንትነቱ እንደሚለቅ አስታወቀ፣ እሱ ከመኪና ሠሪነት ማለፍ እንደማይችልና ወሰኑም ያ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ፣ ቦታውንም ለኮጂ ሳቶ ተወ። ከትልቅ ወንበር ላይ ሆኖ እንዲህ ማለት ከባድ ነው።

ከዚያ በፊትም ትልቁ ቤት የታናሹን በር አንኳኩቶ ነበር። ቢዚ3 የምትባለዋ የቶዮታ መኪና ቻይና ስትሠራ ባትሪዋ የቢዋይዲ ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ቀስ ብሎ አልመጣም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በማራቶን ሞተር የሀዩንዳይን መኪናዎች ሲያስገጣጥም ቆይቶ በእኛ አቆጣጠር በ2012 ክረምት በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄደውን አዮኒክ እዚሁ አስገጥሞ አሳየን፤ በጊዜው ብዙ ሰው እንደ ብርቅ ነገር አይቷት አለፈ። በ2014 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፣ ተገጣጥሞ የሚገባውን 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ የሚገባውን 5 በመቶ ቀረጥ አለው፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣው ቀረጡን ጨርሶ ተወለት። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ ለምክር ቤት ተናገሩ። በጊዜው በዓመት ለነዳጅ የሚወጣው ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል ተባለ፣ ዶላሩ ደግሞ አልነበረም፣ ዓባይ ግን አለን፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውሳኔው እውነት አለበት። ነዳጅ ማደያ በር ላይ በሌሊት ብርድ ተሰልፎ ያነጋ ሰው ይህን አይክድም። ጠመንጃ ያዥስ ቢሆን ለኤሌክትሪክ እንግዳ ነው? ከመስከረም 2008 ጀምሮ ባቡሩ በተግባረዕድና በልደታ ድልድይ ላይ በኤሌክትሪክ ሲመላለስ እያየነው ነው።

ያው መካኒክ ታዲያ አንድ ቀን ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና በሩ ላይ ቆመችለት። ኮፈኗን ከፈተ። ካንዴላ የለም፣ የሚቀየር የሞተር ዘይት የለም፣ የሚያዳምጠው ድምፅ የለም፤ ያለው ወፍራም ብርቱካናማ ገመድና የመብረቅ ምልክት ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፣ በዚያ ገመድ የሚያልፈው በብዙዎቹ መኪናዎች ከ300 እስከ 400 ይደርሳል፣ ሳያውቁ የነኩት ይገድላል። ካቻቪቴውን ወደ ጠረጴዛው መለሰና «ፍሬኗንና ጎማዋን ልይልህ፣ ሌላውን ወደሚያውቁት ውሰድ» አለው ባለቤቱን። ይህን ማለቱን እንደ ሽንፈት አልቆጥርበትም፣ አኪዮም ያለው ይህንኑ ነው።

የሚለያያቸው ጊዜና ገንዘብ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪና ሲሸጥ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ወደ 140 ሺህ ብቻ ነበሩ፤ ቢሆንም አልወደቀም፣ የቀረው ሽያጭ ደግፎ አቆመው፣ እየተማረም ቆየ፣ በመጋቢት 2025 ቻይና ውስጥ ከዚያው አገር ኩባንያ ጋር የሠራት ቢዚ3ኤክስ ገበያ በወጣች በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ሺህ ትዕዛዝ አገኘች። ለጠመንጃ ያዡ ሰው ማን ሰባት ዓመት፣ አሥር ዓመት ይደግፈዋል? አገሪቱ ውስጥ ገና ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነዳጅ ተሽከርካሪ አለ፣ እስከዚያው እንጀራው አይቋረጥም፣ ግን በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። ተግባረዕድ ከሰፈሩ በእግር የሚደረስበት ነው፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሙያ ሲያስተምር የኖረ ቤት ነው። ለእነዚህ ሰዎች የከፍተኛ ቮልት ሥራን የሚያስተምር ክፍል እዚያ ቢከፈት፣ መከላከያ ጓንትና መለኪያ ቢቀርብለት፣ ትምህርቱም በአማርኛና በእጅ ሥራ ቢሆን እላለሁ። ደግሞም ማታ ይሁን፣ ቀን ቀን ኮሮላውን ካልሠራ ልጆቹን የሚያበላው የለምና።