ስካነሩ ያላየው ሰው

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መጠይቆች በስካነር እንዲነበቡ ተደርገው የተዘጋጁ ነበሩ። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ዙሪያ ገጠር በእጅ የተሞላው ቅጽ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መሣሪያ ነበር።

በእንዲህ ያለ ቅጽ ዳርቻ የሚታተሙት ጥቋቁር ምልክቶች ጌጥ አይደሉም። ወረቀቱ ዘመም ብሎ ሲገባ መሣሪያው እያንዳንዱ ሳጥን የት እንዳለ የሚያሰላው በእነርሱ ነው። ኅትመቱ ከደበዘዘ ወይም ጠርዙ ከታጠፈ ቅጹ ለሰው ምርመራ ይመለሳል፤ አለዚያም የአንዱ ጥያቄ መልስ በሌላው ቦታ ይነበባል።

በ2001 ዓ.ም. ውጤቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ አስቀድሞ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ያነሰ። ምዕራብ ጎጃም 2,106,596፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ 25,913 ተብለው ተመዘገቡ። «የቀረው ሕዝብ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

በእኔ እምነት ክርክሩ መሠረታዊውን ነጥብ ስቷል። ስካነር የሚመሰክረው ለወረቀቱ እንጂ ለሰውየው አይደለም፤ ቆጣሪው ያልደረሰበት ጎጆ ምንም ምልክት የለውም። ስለዚህ በየቆጠራ ቦታው ስንት ቅጽ ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ተነበበ? ጥርጣሬን የሚፈታው ይህ ሂሳብ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ግን በታብሌት ሊካሄድ ታቅዶ ተደጋግሞ ተራዘመ፤ ዛሬም የምንገምተው ከ1999ኙ ወረቀት ተነስተን ነው። ታብሌት ጥቁር ምልክት አያስፈልገው ይሆናል፤ ተጠያቂነት ግን ያስፈልገዋል።